እናቴ ሰው ሳያያት የምትችለው

ሰው ስለ እናቴ ሲጠይቀኝ ዘመድ ጋ ናት እላለሁ። ጠያቂው እዚህ ጁባ፣ ሃይ ማላካል ሰፈር ያለ ጎረቤት ከሆነ ዘመዱን ቦር ከተማ አደርገዋለሁ፤ የቦር ሰው ከሆነ ደግሞ ወደ ዬይ እወስደዋለሁ። እስካሁን ማንም አልነቃብኝም። እናቴ ግን ያለችው ከቤቴ በኪራይ ሞተር፣ በቦዳ፣ ብዙም በማያስኬድ ቦታ፣ ወደ ጀበል ኩጁር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ባቋቋሙት የአረጋውያን መጦሪያ ነው። እዚያ የሚገባ ሰው፣ ከተማው እንደሚያውቀው፣ ሰው የሌለው ነው። እናቴ ሰው አላት። እኔ አለሁ። የማፍረውም ለዚህ ነው።

ያደግኩት ኢትዮጵያ ነው። ጋምቤላ ካምፕ ውስጥ ፊደል ቆጠርኩ፣ አዲስ አበባ ትምህርቴን ጨረስኩ፣ ከዚያ አገሬ ደቡብ ሱዳን ገባሁ። አሁን ጁባ ወደብ ላይ አንድ የጭነት ድርጅት ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ የጭነት ጀልባው፣ ባርጁ፣ መጣ፣ ዘገየ እያልኩ ስልክ ስመልስ እውላለሁ። ባሌም እንደኔው ኢትዮጵያ ያደገ ነው፣ እዚያው ወደቡ ላይ የጫኝና አውራጆች ኃላፊ ሆኖ ይሠራል። ስንጨቃጨቅ አማርኛ እናወራለን፣ እናቴም ጎረቤቱም እንዳይሰማን።

እናቴ ወንድ ልጅ አልቀረላትም። ቢኖራት ኖሮ ስትሮኩ ግራ ጎኗን ሲይዛት የምትሄደው እሱ ጋ ነበር። በእኛ ወግ የሴት ልጅ ቤት የባሏ ቤት ነው፤ እናት እንግዳ ሆና ታድርበታለች እንጂ አትኖርበትም። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አማት ከልጇ ባል ፊት አትበላም፣ እሱም ከእሷ ፊት አይበላም። መንገድ ላይ ቢገጣጠሙ አንዳቸው ዞር ይላል። ስለ ገላ መታጠብ፣ ስለ ሽንት ቤት፣ አንዱ ስለ ሌላው ምንም ማወቅ የለበትም። ጥላቻ እንዳይመስላችሁ፣ ትልቁ መከባበር ነው። ገጠር ላይ ያምራል። ጎጆ ከጎጆ የራቀ ነው፣ ዱሩም ሰፊ ነው፣ ሁለቱም በየፊናቸው እየተከባበሩ ይኖራሉ።

ሃይ ማላካል ላይ ግን ያለን ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤትና ምንጣፍ የምታህል ግቢ ናት። ጥጓ ላይ ከጎረቤት ጋር የምንጋራው ሽንት ቤት አለ። ከእናቴ ክፍል እዚያ ለመድረስ ባሌ በሚቀመጥባት የኒም ዛፍ ሥር ማለፍ ግድ ነው። ሌላ መንገድ የለም።

ባሌ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። እናቴ ሳትነቃ ይወጣል፣ ራቱን ወደቡ አጠገብ ካለችው ሻይ ሻጭ ጋ በልቶ ይመጣል። ቤት ሲደርስ በሩን ከመክፈቱ በፊት ቆሞ ይስላል። እናቴ ሳሉን ስትሰማ ልብሷን ትሰበስባለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፣ ከዚያ እሱ ይገባል። በገዛ ቤቱ በር ላይ ቆሞ የሚስል ባል ያላት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሰፈሩ ሳንባውን አሞታል ብሎ ያዝንልን ነበር። መጀመሪያ እስቅ ነበር፣ ኋላ ግን ሳሉን ስሰማ ደሜ ይፈላ ጀመር።

ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲያስወጣት፣ እግሯም ክንዷም ቀስ በቀስ ይመለሳል፣ ብቻ አንቀሳቅሷት ብሎ ነበር። አልተመለሰም። ምግብ ሳቀርብላት ቀኝ እጇን፣ ደህናውን እጇን፣ ጭኗ ላይ ታደርጋለች እንጂ አትዘረጋም። ስለዚህ ማጉረስ ጀመርኩ። ተነሺ ስላት አትነሳም። ስለዚህ ፖፖ ገዛሁ፣ ከሥራ ስመለስ እሱን መድፋት የመጀመሪያ ሥራዬ ሆነ። ቀን ቀን እኔ ስለሌለሁ ፖፖውም አላዋጣ ሲል የትልቅ ሰው ዳይፐር ገዛሁ። አጥባታለሁ፣ አለብሳታለሁ፣ ፀጉሯን አበጥራለሁ። አትችልም ብዬ ደመደምኩ። ማንም በእኔ ቦታ ቢሆን እንደዚያው ይል ነበር፣ ቢያንስ ለራሴ የምለው እንደዚያ ነው።

አንድ ቀን ማምሻውን ከሥራ ስገባ ፍራሿ እስከ ታች ርሶ አገኘሁት። ደክሞኝ ነበር፣ ቦዳው ጭቃ ውስጥ ጥሎኝ ነበር፣ ሰበብ አላጣም። «ትንሽ እንኳን ብትሞክሪ ምን አለበት? ሕፃን ሆነሽ ልትቀሪ ነው?» አልኳት፣ ያውም ጮክ ብዬ፣ ያውም በቋንቋችን። ባሌ ኒሙ ሥር ነበር። ሰምቷል። መስማቱን እሷም አውቃለች። የልጇ ባል ጨርሶ ማወቅ የሌለበትን ነገር እኔው በአፌ ነገርኩት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ በማግስቱ ወደ ሥራ ስወጣም አልመለሰችውም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው ሲስተርን ያማከርኳት። ሲስተር የምንላት የመጦሪያው ዋና ነርስ ናት፣ ኢትዮጵያዊት፤ የተዋወቅነው በአማርኛ የምንጸልይበት ኅብረት ውስጥ ነው። ቤቱን አዙራ አሳየችኝ። ንጹሕ ነው፣ የሴቶቹ ግቢ ለብቻው ነው፣ የወንዶቹ በአጥር ማዶ።

«እኛ ዕድሜ ስንት ነው፣ በሽታው ምንድነው ብቻ ብለን አንቀበልም» አለችኝ እየሄድን። «ሰውየው ይበላል? ይለብሳል? ከአልጋ ይወርዳል? ሽንት ቤት ይደርሳል? ብለን ነው። በራሱ የሚበላውን ከሩቅ ብናየው ይበቃል። የማይበላ ከሆነ አንዷ ሠራተኛ አጠገቡ ቁጭ ብላ ታጎርሳለች፣ ያን ጊዜ ሌላ ሥራ አትሠራም። መገላበጥ ያቃተው ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ካልተገላበጠ ጀርባው ይቆስላል። አልጋችንም እጃችንም ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ለማይችለው እንሰጣለን።»

«የኔ እናት ምንም አትችልም» አልኳት። አንድ በአንድ ነገርኳት። ያየሁትን ነበር የነገርኳት፣ አልዋሸሁም። እሷም አልጋ ሰጠችኝ፣ ግን ለሙከራ ነው። ጥቂት ሳምንት ቆይታ ዳግመኛ ትታያለች፣ ራሷን መርዳት ከጀመረች ቤቷ ትመለሳለች፣ አልጋው ለሌላ ይሰጣል።

እናቴን በራክሻ፣ በባጃጅ፣ ወሰድኳት። የት እንደምንሄድ ስነግራት አልተቃወመችም፣ አላለቀሰችም። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ባልሽ እዚያ ይመጣል?»

«አይመጣም፣ እማ።»

ዓይኗን መንገዱ ላይ ተከለች። ቅር ብሏት መሰለኝና አንጀቴን በላችኝ።

እሷ ከሄደች በኋላ ቤታችን ምን እንደሆነ ልናገር። ባሌ ቤት መብላት ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን ኒሙ ሥር ትሪ ዘርግተን ኪስራ፣ ስስ እንጀራ መሳይ ቂጣ፣ በሙላህ ወጥ በላን። ሙላሁን ጨምሪልኝ አለኝ፣ ጨመርኩለት፣ ደግሞ ጨምሪልኝ አለኝ። ከንፈሩ ላይ የቀረውን ባሚያ በእጄ ጠረግኩለት፣ ሳቅን። በሩ ላይ ማሳል ቀረ፣ ሳንባው ዳነለት ብለው ጎረቤቶች እንኳን ደስ አላችሁ አሉን። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። እናቴን ሰው የሌላቸው በሚገቡበት ቤት ጥዬ፣ እኔ በባሌ አፍ ዙሪያ ባሚያ እየጠረግኩ ደስ አለኝ።

እሁድ እሁድ እጠይቃት ነበር። ስደርስ ሁልጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው የማገኛት። ታዲያ አንድ የሥራ ቀን ከማላካል ከተማ የሚመጣው ባርጅ መንገድ ላይ ቆመ ተባለ፣ ቢሮው ሥራ ፈታ፣ እኔም ሳልነግራት ብቅ ልበል አልኩ። ምሳ ሰዓት ነበር። ከግቢው በር ገባ ብሎ አንድ ትልቅ ጥቁር ሮቶ አለ፤ ሮቶው ጋ ስደርስ እግሬ ቀጥ አለ።

እናቴ ትሄድ ነበር። የፕላስቲክ ወንበር ከፊቷ እየገፋች፣ ግራ እግሯን እየጎተተች፣ ከሽንት ቤቱ እየተመለሰች ነው። የሚደግፋት ሰው የለም። ሴቶቹ የአሲዳ ገንፎ ከበው ወደተቀመጡበት ደረሰች፣ ወንበሩን አዙራ ቁጭ አለች፣ እጇን ታጠበችና ከትሪው ቆርሳ መብላት ጀመረች። አንዷ ሠራተኛ በአጠገቧ ስታልፍ «ኢታ ኩወይስ፣ ሀቦባ?» አለቻት፣ ደህና ነሽ ወይ አያቴ ማለቷ ነው። እናቴ አፏ ሞልቶ «ኩወይስ» አለችና አጠገቧ ያለችው አሮጊት የተናገረችውን ሰምታ ሳቀች። የእናቴን ሳቅ ከሰማሁ ቆይቶ ነበር።

ከሮቶው ኋላ ቆሜ ነገሩ ገባኝ። እናቴ ቤቴ ውስጥ መብላት አቅቷት አልነበረም። የልጇ ባል ቤት ውስጥ፣ በልጇ ባል ሳህን፣ ጤነኛ ሰው ሆና መብላት አትችልም። የታመመ ሰው ሲጎርስ ግን እንደ መብላት አይቆጠርም፣ መድኃኒት እንደ መውሰድ ነው። በባሌ ፊት ወደ ሽንት ቤት ማለፍ አትችልም፣ ያልተነሳች ሴት ግን አታልፍም። ከኔ ጋር ለመኖር ስትል ሕመምተኛ ሆና ቆየች። ልጇ እንደመሆኔ ይሄን እኔ ማወቅ ነበረብኝ። እዚያው ወግ ውስጥ ነው የተወለድኩት።

የሚያሳፍረኝ ግን አለማወቄ ብቻ አይደለም። እናቴ ስትራመድ አይቼ ሮጬ ልስማት ይገባ ነበር። መጀመሪያ ያሰብኩት ሊመልሱብኝ ነው ብዬ ነው።  ሳልታይ ተመልሼ ወጣሁ።

በር ላይ ከሲስተር ጋር ተላተምን። ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር።

«አየሻቸው? እናትሽ እኮ ጎበዝ ናቸው። መጀመሪያ እኔም አይችሉም ብዬ ነበር። አሁን ልብሳቸውን እንኳን ራሳቸው ነው የሚያስሩት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

«ሳምንት እናያቸዋለን። አንቺም ነይ፣ ቋንቋውን ታስተረጉሚልኛለሽ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አልጋ የምትጠብቅ አንዲት ሴት አለች፣ ጨርሶ መገላበጥ የማትችል። እናትሽ ቤታቸው ከገቡ ለሷ ይሆናል።»

ያን ጊዜ ልነግራት እችል ነበር። ሲስተር፣ እናቴ እዚህ የምትችለውን ቤቴ ስትገባ አትችለውም፣ ነገሩ እንዲህና እንዲህ ነው ማለት ብቻ ነበር። ግን ባሌን ክፉ የማደርገው፣ ወጋችንን ለሰው መሳቂያ የምሰጥ መሰለኝ። ደግሞ ከነገርኳት መፍትሔ ትፈልግ ይሆናል፣ መፍትሔው እናቴን ወደ ቤቴ የሚመልስ ቢሆንስ? አፌን ዘጋሁ።

ለባሌ ግን ነገርኩት። ኒሙ ሥር ሆኖ ሰምቶኝ ሲጨርስ ሳህኑን ገፋ አደረገ።

«ይመለሱ» አለ። «እኔ ወደቡ ጋ ካሉት የአጎቴ ልጆች ጋር አድራለሁ። እሁድ እሁድ ውጭ እንገናኛለን።»

«ባሌን ከቤቴ ላስወጣ?»

«ቤት ከሌለው ሰው የባሰ አልሆንም። እናትሽ ናቸው።»

«አውቃለሁ እናቴ እንደሆነች።»

«ታዲያ?»

ተቆጣሁ። ሁሉን እኔ ነኝ የምሸከመው፣ ፖፖ የደፋኸው አንተ ነህ ወይ፣ የማይባል ነገር ሁሉ አልኩት። ሊደፋ እንደማይችል፣ ሊያየው እንኳን እንደማይገባው እያወቅኩ። እውነቱን ለመናገር ማምሻዬን ነበር የፈለግኩት። ትሪውን፣ ዛፉን፣ ሙላህ ጨምሪልኝ የሚለኝን ሰው። እሱ ተነስቶ ትሪውን ወደ ቤት አስገባ። ምን እንደምንወስን ሳንነጋገር እናቴ የምትታይበት ቀን ደረሰ።

በረንዳው ላይ ሦስታችን ተቀመጥን፣ ሲስተር፣ እናቴና እኔ። እናቴ ንጹሕ ልብስ ለብሳ፣ ትከሻዋ ላይ ራሷ አስራው ነበር፤ ቋጠሮው በአንድ እጅ የተቋጠረ መሆኑ ያስታውቃል። ሲስተር ውሃ የያዘ ኩባያ አቀረበችላት።

«ይጠጡ በያቸው።»

ነገርኳት። እናቴ ኩባያውን ሳታነሳ እኔን አየችኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ ፊቴን ስታነብ የኖረች ሴት ናት፤ ካምፕ ውስጥ እርቦኝ ጠገብኩ ስላት እንኳን ታውቅ ነበር። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም። አውቃለሁ። ኩባያውን አነሳች፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ውሃው ደረቷ ላይ ፈሰሰ። በዚያ እጅ ከትሪ ቆርሳ ስትበላ አይቻለሁ።

«እሺ፣ ደረቅ ያለ ጨርቅ አምጡላቸው» አለች ሲስተር። «አሁን ወንበሩን ይዘው ይነሱ።»

«ተነሺ ትላለች፣ እማ» አልኳት።

እጇን ወንበሩ ላይ አሳረፈች። ክንዷ ሲጠነክር አየሁት፣ ጉልበቷም እሺ ሊል ነበር። ከዚያ እንደገና አየችኝ፣ አሁን ረዘም አድርጋ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ማድረግ የነበረብኝ ቀና ማለት፣ ተነሺ እንጂ፣ ቤታችን እንሄዳለን ማለት ነበር። አንገቴን ደፋሁ። እጇን ከወንበሩ አንስታ ጭኗ ላይ መለሰችው።

«አልችልም በያት፣ ልጄ» አለችኝ። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። ትንሽ ሆኜ ውሃ ስቀዳ ጀሪካኑ ሲከብደኝ፣ አምጪው እኔ እይዘዋለሁ የምትለኝ ዓይነት ድምፅ ነበር።

«አልችልም ትላለች» አልኩ በአማርኛ።

ሲስተር እኔን አየችኝ፣ እናቴን አየች፣ መልሳ እኔን አየችኝ። ያን ጠዋት እናቴ ራሷ ሽንት ቤት ደርሳ ስትመለስ አይታት እንደነበር የነገረችኝ ኋላ ነው። ያን ጊዜ ያለችው ሌላ ነው።

«ሰው ቀን ቀን አለው። ዛሬ ደክሟቸዋል እንበል፣ አልጋው ይቆይላቸው» አለች። ተነስታ ስትሄድ በሩ ላይ ቆም ብላ «ግን እኔ ሳልሆን አንቺ ነሽ የወሰንሽው» አለችኝ፣ በቀስታ፣ ሰው እንዳይሰማ።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የነበረችው ሴት ምን እንደሆነች አልጠየቅኩም። ለመጠየቅ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቼዋለሁ።

አሁንም እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። ሠራተኞቹ አንዳንዴ ይገረማሉ፤ ሀቦባ በሳምንቱ ሁሉ ትሄዳለች፣ ራሷ ትበላለች፣ የሌላዋን አሮጊት ፀጉር ሳይቀር ትሠራለች፣ እሁድ ሲደርስ ብቻ ይደክማታል ይላሉ። ማሌሽ፣ አይዞሽ፣ ይሉኛል፣ እኔ መጥፎ ቀን ላይ እየደረስኩ እንደሆነ አድርገው። እኔ ፊት እናቴ በእጇ አትበላም። የያዝኩላትን ሙዝ ልጬ ቆርሼ አጎርሳታለሁ፣ ትጎርሳለች፣ ዓይኗን ወደ ግድግዳው ታደርጋለች። ከባሌ ፊት ትሆን እንደነበረው አሁን ከኔ ፊት እንደዚያ ናት።

አንድ እሁድ ቀድሜ ደርሼ ነበር። ከሮቶው ወዲያ ሳቋን ሰማሁ፣ የፕላስቲክ ወንበሩም ሲሚንቶው ላይ ሲጎተት ይሰማል። ልግባ ብዬ እግሬን አንስቼ መለስኩት። ብገባ መሀል ግቢ ላይ ቆማ አገኛታለሁ፣ የምትቀመጥበት ጊዜ አይኖራትም፣ ሁለታችንም የምናውቀው ነገር ፊት ለፊታችን ይቆማል። ያን እንዴት አድርጌ አያለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሩ ጋ ስደርስ ቆሜ እስላለሁ። ወንበሩ ሲጎተት ይሰማኛል፣ ከዚያ ዝም ይላል። እስክትቀመጥ ጠብቄ እገባለሁ።